ተረትና እውነታ፦ ስላቮች ከግስ ስም ሲያወጡ

ተረት፦ ሩሲያኛ የስላቭ ቋንቋዎች ሁሉ እናት ነው፤ ፖላንድኛውም ቼክኛውም ከእሱ ተገንጥሎ የወጣ ነው።

እውነታ፦ ለዚህ ክርክር ሳሙና ጥሩ ምስክር ነው። የሁሉም ወላጅ የሆነው ጥንተ ስላቭኛ ከግስ የመሣሪያ ስም ሲያወጣ «-ድሎ» የሚል ቅጥያ ከግሱ ኋላ ይቀጥል ነበር። «ሚቲ» ማጠብ ነው፤ «*ሚድሎ» ሳሙና ሆነ። «ሺቲ» መስፋት ነው፤ «*ሺድሎ» ወስፌ። «ኦራቲ» ማረስ ነው፤ «*ኦርድሎ» ማረሻ። እኛ ከ«ጠረገ» «መጥረጊያ» እንደምናወጣው ነው፤ የእኛው ብቻ ቃሉን ከፊትም ከኋላም ይይዘዋል። ቼኮች ዛሬም ሳሙናን «ሚድሎ» ይላሉ፤ ፖላንዶችም «ድ»ን ጠብቀዋታል። ሩሲያኛ ግን ጥሏት «ሚሎ»፣ «ሺሎ» ይላል፤ ሰርቦችና ቡልጋሮችም ወስፌውን «ሺሎ» ነው የሚሉት። እናት ናት የተባለችው የጣለችውን ድምፅ ልጆቹ ከየት አመጡት?

ተረት፦ «ኦራቲ» እና «አረሰ» ስለሚመሳሰሉ ዘመዳሞች ናቸው።

እውነታ፦ በመጠርጠሩ ማንም አይወቀስም። ነገር ግን «-ቲ» የግሱ መድረሻ ብቻ ናት። እሷ ስትነሳ የሚቀረው «ኦራ» ነው፤ ዘመዱም የላቲኑ «አራሬ» ነው። የእኛው በግእዝ «ሐረሰ» ይባላል፤ ሐ፣ ረ፣ ሰ ሦስቱም የሥሩ ፊደላት ናቸው፣ አማርኛ «ሐ»ን ስላላላት ነው ነገሩ የተድበሰበሰው።

ተረት፦ እነ«*ሚድሎ» ከጥንት ብራና የተገኙ ቃላት ናቸው።

እውነታ፦ ጥንተ ስላቭኛን የጻፈው ሰው የለም። ወንድማማቾቹ ሰባኪዎች ቄርሎስና ሜቶዲየስ በ863 እ.ኤ.አ. ወደ ሞራቪያ ሲላኩ ለጽሑፍ ያበቁት ከእሱ የተወለደውን የቤተ ክርስቲያን ስላቭኛ ነው። ከቃላቱ ፊት ያለችው ኮከብ «ሊቃውንት ልጆቹን አስተያይተው የደረሱበት» ማለት ናት።

ተረት፦ ያለ ቅጥያ ስም አይወጣም፤ ቅጥያዎቹም ሁሉ የስላቮች የራሳቸው ናቸው።

እውነታ፦ ሁለቱም ስሕተት። «ቬዝቲ» በጋሪ ማጓጓዝ ነው፤ «ቮዝ» ጋሪው። የተለወጠው የውስጡ አናባቢ ነው፤ ይህ ለአማርኛ ተናጋሪ አዲስ አይሆንም። «-አር» ደግሞ ከላቲን ተነሥታ በጀርመናውያን ነገዶች አፍ በኩል የገባች እንግዳ ናት፤ የሩሲያው ዳቦ ጋጋሪ «ፔካር» እስከ ዛሬ ተሸክሟታል።

ተረት፦ «-ቴል» ለሰው ብቻ ናት።

እውነታ፦ ጥንት አዎ፤ «ኡቺቴል» ከማስተማር የወጣ መምህር ነው። ዘመናዊው ሩሲያኛ ግን ከ«ማንቀሳቀስ» «ድቪጋቴል» ብሎ ሞተርን ጠራበት።