ሰዓት የሚመነዝር አጭር ስክሪፕት እንዴት ይጻፋል?

እንደሚታወቀው እኛ ሰዓት የምንቆጥረው ከንጋት ጀምረን ነው። ጠዋት 3 ሰዓት ስንል ኮምፒዩተሩ 9:00 ይላል። በገበያም ሆነ በመናኸሪያ ሁላችንም አንድ ዓይነት ስለምንቆጥር ማንም አይሳሳትም። ችግሩ የሚመጣው በሌላ አቆጣጠር የተጻፈ ሰዓት ሲደርሰን ነው። አንድ የትምህርት ዕድል ማመልከቻ «በምሥራቅ አፍሪካ ሰዓት 12:00 ላይ ይዘጋል» ቢል፣ ቀን 6 ሰዓት ማለቱ ነው። ማታ 12 ሰዓት መስሎት የተዘናጋ አመልካች ስድስት ሰዓት ዘግይቶ ይደርሳል። የዓመት ልፋት በአንድ ቁጥር ንባብ ከንቱ ቀረ ማለት ነው። ስለሆነም ይህን ሥራ ለኮምፒዩተር የሚሰጥ አጭር ስክሪፕት እንዴት እንደሚጻፍ ከዚህ በታች እናብራራለን።

ሁለት ነገሮችን እንለይ

አንደኛው የሰዓት ክልል ነው። መሬት 360 ዲግሪ በ24 ሰዓት ትዞራለች፤ ስለዚህ ለአንድ ሰዓት 15 ዲግሪ፣ ለአንድ ዲግሪ 4 ደቂቃ ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ1884 ዋሽንግተን ላይ በተደረገው ጉባኤ የቆጠራው መነሻ ግሪንዊች እንዲሆን ተወሰነ። የኢትዮጵያ ሰዓት ከግሪንዊች በ3 ይቀድማል፤ ይህም የ45 ዲግሪ ምሥራቅ ሰዓት ነው። ነቀምቴ ያለችው 36 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ በመሆኑ ፀሐይ አናታችን ላይ የምትደርሰው በአማካይ ከ6 ሰዓት 34 ደቂቃ ያህል ዘግይታ ነው። ሆኖም ነቀምቴም፣ አዲስ አበባም፣ ጅግጅጋም በአንድ ሰዓት ይሠራሉ።

ሁለተኛው አቆጣጠር ነው። የስድስት ሰዓቱ ልዩነት የሚመጣው ከዚህ እንጂ ከቦታ አይደለም። ኮምፒዩተሮች የሚጠቀሙበትን የሰዓት ክልሎች መዝገብ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የጀመረው አርተር ዴቪድ ኦልሰን ነው። አዲስ አበባ በመዝገቡ ውስጥ አለች፤ ሰዓቷም ከናይሮቢ ጋር አንድ ነው። ከንጋት መቁጠራችንን ግን መዝገቡ አያውቅም። አንዳንድ ሰው ታዲያ የስልኩን ሰዓት በእጁ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ይመልሳል። እንዲህ ሲሆን ስልኩ ትክክለኛውን ጊዜ ይስታል፤ የመልእክቶችም ሰዓት ይዛባል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሕግ ይኸውላችሁ፦ የማሽኑን ሰዓት አትንኩ፤ ንባቡን ብቻ መንዝሩ።

አሠራሩ ደረጃ በደረጃ

ስክሪፕቱን በፓይተን መጻፍ ይቻላል። ከ3.9 ጀምሮ የክልሎቹን መዝገብ የሚያነብ ክፍል አብሮት ይመጣል። ተለዋዋጮቹንም «ሰዓት» ወይም «ደቂቃ» ብለን በፊደላችን ብንሰይማቸው ይቀበላል።

1. ተጠቃሚውን ዕለቱን፣ «ቀን» ወይም «ሌሊት» መሆኑን፣ ሰዓቱንና ደቂቃውን ጠይቁ። «ንጋት» የሚለውን ቃል አትቀበሉ። ምክንያቱም ከንጋቱ 11 ሰዓት የሌሊቱ መጨረሻ ነው፤ ከንጋቱ 12 ሰዓት ደግሞ የቀኑ መጀመሪያ ነው። አንድ ቃል ሁለቱንም ወገን ይነካል።

2. ሰዓቱ 12 ከሆነ 0 አድርጉት።

3. «ቀን» ከሆነ 6፣ «ሌሊት» ከሆነ 18 ደምሩ።

4. ድምሩ 24 ከሞላ ወይም ካለፈ 24 ቀንሱና ዕለቱን በአንድ አሳድጉ።

5. ውጤቱ የአዲስ አበባ ሰዓት መሆኑን ለማሽኑ ንገሩትና ወደ ተፈለገው ከተማ እንዲቀይር እዘዙት።

አራተኛው ደረጃ ጥንቃቄ ይፈልጋል። «ሰኞ ሌሊት 8 ሰዓት» ስንል ብዙዎቻችን ሰኞ የመሸውን ሌሊት ማለታችን ነው። በኮምፒዩተሩ ግን ማክሰኞ 2:00 ሆኗል። አባቶቻችን «ለማክሰኞ አጥቢያ» የሚሉት ይህን ነው። ስክሪፕቱም መልሱን ሲያትም «ለማክሰኞ አጥቢያ» ብሎ ቢጨምር ተጠቃሚው አይደናገርም።

ለመመለስስ? እሱ ይቀላል፦ የኮምፒዩተሩን ሰዓት ወስዶ 6 መደመር፣ ለ12 ማካፈል፣ ቀሪውን መያዝ። ቀሪው 0 ከሆነ 12 ተብሎ ይጻፋል። ከ6:00 እስከ 17:59 ያለው ቀን ነው፤ የተረፈው ሌሊት።

ዘጠኝ ሰዓት ቀንሰን ብንገላገልስ?

ቡርቃ ጃቶ ያሉ እናት ሚኒያፖሊስ ካለ ልጃቸው ጋር ማታ 3 ሰዓት ላይ በስልክ ለመነጋገር ተቀጣጠሩ እንበል። ማታ 3 ማለት 21:00 ነው፤ በግሪንዊች 18:00። በክረምታቸው ሚኒያፖሊስ ከግሪንዊች 6 ሰዓት ወደ ኋላ ስለሆነች እዚያ 12:00 ይሆናል፤ ልጁም ምሳ ላይ ነው። ነገር ግን አሜሪካኖቹ ከማርች ሁለተኛ እሑድ እስከ ኖቬምበር የመጀመሪያ እሑድ ሰዓታቸውን በአንድ ወደ ፊት ይገፋሉ። ያኔ ማታ 3 ሰዓት ለልጁ 13:00 ይሆንበታል፤ ምሳው አልቆ ሥራ ገብቷል። ስለዚህ በእነዚያ ወራት እናትየው ማታ 2 ሰዓት መደወል ይኖርባቸዋል። «9 ቀንስ» ብሎ የተጻፈ ስክሪፕት ለዚህ መልስ የለውም። የከተማውን ስም ለመዝገቡ የሚሰጥ ግን ለውጡን ራሱ ያገኘዋል። ሚኒያፖሊስ በመዝገቡ የምትገኘው በቺካጎ ስም መሆኑን ልብ ይሏል።

ሳይፈተን አይታመን

ስክሪፕታችሁን በድንበሮቹ ላይ ፈትኑት። ቀን 12 ብትሉት 6:00፣ ቀን 6 ብትሉት 12:00፣ ሌሊት 12 ብትሉት 18:00፣ ሌሊት 6 ብትሉት የማግስቱን 0:00፣ ሌሊት 9 ብትሉት የማግስቱን 3:00 መመለስ አለበት። አንዱ እንኳ ቢስት የሁለተኛውንና የአራተኛውን ደረጃ ደግማችሁ እዩ።

ለመልመጃ ያህል፦ አንድ ማመልከቻ ቅዳሜ በግሪንዊች 23:59 ይዘጋል። በእኛ መቼ ነው? ስክሪፕታችሁ «ለእሑድ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ59» ካለ ሥራችሁ ሠምሯል። ነገ ወደየትምህርት ቤታችሁ ስትሰማሩ ይህን ለተማሪዎቻችሁ በጥቁር ሰሌዳ ላይ አሳዩአቸው። ኮምፒዩተር ባይኖር እንኳ አምስቱን ደረጃዎች በጠመኔ መሥራት ይቻላል።