ኬይሂን-ቶሆኩ፦ ማቆም የሚያስተምር መስመር

በውስጥ መስመር ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች የሚበዛው አንድ ነው፦ «የባቡር ሲሙሌተር መጀመር እፈልጋለሁ፤ በየትኛው መስመር ልጀምር?» የብዙዎቻችሁ ልብ ያለው ሺንካንሰን ላይ እንደሆነ አውቃለሁ። በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር የሚከንፍ ባቡር ማን ይጠላል? እኔ ግን ሁሌም የምለው ቶኪዮን ከሰሜን ወደ ደቡብ ሰንጥቆ በሚያልፈው፣ ሰማያዊ መስመር በተቀባው የከተማ ባቡር ጀምሩ ነው። ስሙ ኬይሂን-ቶሆኩ ይባላል። ምክንያቴን ዛሬ ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው።

መስመሩ ከቶኪዮ በስተሰሜን ካለችው ከኦሚያ ይነሳል። በኡኤኖ፣ በቶኪዮ ጣቢያ፣ በሺናጋዋና በካዋሳኪ አድርጎ ዮኮሃማ ሲገባ 59.1 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ብዙዎቹ ባቡሮች እዚያም አያበቁም፤ ኔጊሺ በሚባለው መስመር ቀጥለው እስከ ኦፉና ይወርዳሉ። በድምሩ 81.2 ኪሎ ሜትር፣ 47 ጣቢያ ነው። ከቶኪዮ ወደ ዮኮሃማ ያለው ክፍል የጃፓን የመጀመሪያው ባቡር እ.ኤ.አ. በ1872 የተጓዘበት አቅጣጫ ነው። በኤሌክትሪክ የሚሄደው ባቡር የመጣው በ1914 መጨረሻ ሲሆን ጅማሬው አላማረም፤ ብልሽት በብልሽት ሆነና በቀናት ውስጥ ተቋርጦ እንደገና የተነሳው በ1915 ነው።

አሁን ሒሳቡን እዩት። 81 ኪሎ ሜትሩን በ47ቱ ጣቢያዎች መካከል ላሉት 46 ክፍተቶች ስታካፍሉት በየ1.8 ኪሎ ሜትሩ ገደማ አንድ ፌርማታ ይደርሳችኋል፤ መሀል ከተማ ላይ ደግሞ ከዚህም ይጠጋጋል። ግማሽ ደቂቃ ፍጥነት ትጨምራላችሁ፣ ትንሽ ትንሸራተታላችሁ፣ ወዲያው ፍሬን ነው። ሺንካንሰን ላይ ለረጅም ጊዜ እጃችሁን አጣጥፋችሁ ልትቀመጡ ትችላላችሁ። እዚህ ግን አንዱን ጣቢያ ስታበላሹት ቀጣዩ በሁለት ሦስት ደቂቃ ውስጥ ይመጣል፤ ወዲያው ታርሙታላችሁ። ሰው የሚማረው እንዲህ ነው ብዬ አምናለሁ።

ባቡሩ ኢ233 የሚባለው ዓይነት ነው፤ እዚህ መስመር ላይ ከ2007 ጀምሮ ይሠራል። 10 ፉርጎ አለው፤ እያንዳንዱ 20 ሜትር ገደማ ስለሆነ ጠቅላላ ርዝመቱ 200 ሜትር ነው። በአንድ ጎን ብቻ 40 በር ይከፈታል። አሽከርካሪው በግራ እጁ አንድ እጀታ ይይዛል፤ ወደ ራሱ ሲስበው ይሄዳል፣ ወደ ፊት ሲገፋው ፍሬን ይይዛል። ፍሬኑ 8 ደረጃ አለው፤ ከዚያ በላይ ያለው የአደጋ ጊዜ ፍሬን ነው።

በሰዓት 75 ኪሎ ሜትር እየሄዳችሁ ነው እንበል። ተሳፋሪ በማያንገላታ ፍሬን ለማቆም ወደ 300 ሜትርና ግማሽ ደቂቃ ያስፈልጋችኋል። መድረኩ እንደ ባቡሩ ከ200 ሜትር ብዙም ስለማይበልጥ፣ የባቡሩ አፍንጫ መድረኩ ጫፍ ላይ ሲደርስ ፍጥነቱ ገና 60 ገደማ ነው። ጀማሪ ይህን ሲያይ ይደነግጥና የመጨረሻውን ደረጃ ይይዛል፤ ባቡሩም መሀል መድረክ ላይ ይገተራል። ጃፓኖቹ የሚያደርጉት ተቃራኒውን ነው። ገና ከሩቁ ጠንከር አድርገው፣ አምስተኛ ወይም ስድስተኛ ደረጃ ላይ ይይዛሉ። ከዚያ ፍጥነቱ ሲወርድ እነሱም እጀታውን ደረጃ በደረጃ እያላሉት ይመጣሉ፤ ባቡሩ ሊቆም ሲል የቀረው አንደኛው ደረጃ ብቻ ይሆናል። ቆሞ የሚሄደው ተሳፋሪ መቆሙን የሚያውቀው በሩ ሲከፈት ነው። ይህ እጅ ላይ እስኪገባ ጊዜ ይወስዳል፤ ሲገባ ግን የሚሰጠውን ደስታ የቀመሰ ያውቀዋል።

«ሰው ሲሞላበት አይከብድም ወይ?» ብሎ የጠየቀኝ ነበር። ይከብዳል። ባቡሩ ግን በሥሩ ካለው የአየር ትራስ የተሳፋሪውን ክብደት ይለካና የሞተሩንና የፍሬኑን ጉልበት በዚያው ልክ ያስተካክላል። ስለዚህ ጠዋት ሰው እንደ ሰርዲን ታጭቆም ሆነ ማታ ባዶውን፣ እጀታው የሚሰጣችሁ ስሜት ተቀራራቢ ነው። ዝናብ ሲሆን ግን ሐዲዱ ስለሚያንሸራትት ቀደም ብላችሁ መያዝ አለባችሁ።

ሌላው ነገር፣ በመንገዱ ዳር ቀይና አረንጓዴ መብራት አትፈልጉ። ከ2003 ጀምሮ ዲ-ኤቲሲ የሚባል የቁጥጥር ሥርዓት አለ፤ የተፈቀደላችሁን ፍጥነት የሚነግራችሁ ፊት ለፊታችሁ ያለው የፍጥነት መለኪያ ነው። የድሮው ሥርዓት ፍጥነቱን በደረጃ ስለሚቆርጥ ፍሬኑ ያዝ ለቀቅ ይል ነበር። ይኸኛው ከፊታችሁ ያለው ባቡር የት እንዳለ አውቆ እስከዚያ ድረስ አንድ ለስላሳ የፍሬን መስመር ያሰላል። ባቡሮቹ ተቀራርበው መሄድ የቻሉት በዚህ ነው።

አሽከርካሪው በነጭ ጓንት እየጠቆመ ጮክ ብሎ ሲናገር ቪዲዮ ላይ አይታችሁ ይሆናል። ለታይታ የሚደረግ አይደለም። የጃፓን የባቡር ቴክኒክ ምርምር ተቋም በ1994 ባደረገው ሙከራ፣ ምንም ሳይደረግ ከ100 ድርጊት 2.38 የነበረው ስህተት እየጠቆሙ በመናገር ወደ 0.38 ወርዷል። እኔም ቤት ሆኜ ስነዳ አደርገዋለሁ፤ እናንተም ብታደርጉት ጣቢያ ዘሎ ማለፍ ይቀርላችኋል።

ከታባታ እስከ ሺናጋዋ ያለው ክፍል ለእኔ የመስመሩ ልብ ነው። አረንጓዴው የያማኖቴ ባቡር ጎን ለጎን አብሮ ይሄዳል፤ ሁለቱ እስከ 1956 ድረስ በአንድ ሐዲድ ነበር የሚሠሩት። አሁን በብዙዎቹ ጣቢያዎች የአንድ አቅጣጫ ባቡሮች ከአንድ መድረክ ግራና ቀኝ ስለሚቆሙ፣ ተሳፋሪው አምስት እርምጃ ተራምዶ ይቀይራል። ከ1988 ወዲህ ኬይሂን-ቶሆኩ እኩለ ቀን አካባቢ ፈጣን ሆኖ ይሠራል፤ ኒፖሪንና ሺምባሺን የመሳሰሉትን ሳይቆም ያልፋል። በዚያ ሰዓት ስትነዱ አረንጓዴው ባቡር አንዴ ይቀድማችኋል፣ አንዴ ትቀድሙታላችሁ፤ መስኮቱ ውስጥ ያለውን ሰው ፊት እስክትለዩ ድረስ።

ማቆምን ስላነሳሁ፣ መቆም የማይገባበት ቦታም እንዳለ ማወቅ አለባችሁ። ከላይ የተዘረጋው የኤሌክትሪክ ገመድ ኃይል የሚያገኘው ከተለያዩ ማከፋፈያዎች ነው። የሁለቱ ማከፋፈያዎች ገመዶች የሚገናኙበት ቦታ ላይ ጎን ለጎን ይሄዳሉ እንጂ አይነካኩም። ባቡሩ እየሄደ ሲያልፍ ችግር የለም። እዚያ ቆሞ እንደገና ሲነሳ ግን ጣሪያው ላይ ሆኖ ኤሌክትሪክ የሚቀበለው ክንድ (ፓንቶግራፉ) ሁለቱን ያገናኛቸውና ብልጭታ ተነስቶ ገመዱን ሊያቀልጠው ይችላል። በኦገስት 2015 በአንድ ምሽት፣ ዮኮሃማ ርችት በሚተኮስበት ዕለት፣ በዮኮሃማና በሳኩራጊቾ መካከል የሆነው ይኸው ነው። ገመዱ ተበጠሰ፣ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተጉላሉ።

ሳኩራጊቾ ከዚያ የከፋም አይታለች። ኤፕሪል 24 ቀን 1951 ሠራተኞች ጣቢያው አጠገብ ገመዱን እየጠገኑ ሳለ ገመዱ ወደቀ፤ የሚገባው ባቡር ተጠላለፈበትና የፊተኛው ፉርጎ ነደደ። በሮቹ አልተከፈቱም። መስኮቶቹ በሦስት የተከፈሉ ሆነው የመሀለኛው መስታወት የማይንቀሳቀስ ስለነበር ሰው አያሾልኩም። በሩን በእጅ የሚከፍተው መፍቻ ባቡሩ ላይ ነበር፤ የት እንዳለ የሚናገር ምልክት ግን አልነበረም። 106 ሰው ሞተ። ዛሬ በጃፓን ባቡሮች በር አጠገብ በግልጽ ተጽፎ የምታዩት የአደጋ ጊዜ መፍቻ ምልክት ከዚህ በኋላ የመጣ ነው። በሲሙሌተር ሳኩራጊቾ ስገባ ይህን ሳላስብ አልፌ አላውቅም፤ እናንተም ብታስቡት ደስ ይለኛል።

ስለ ጌሞቹ ባጭሩ። የታይቶ ኩባንያ «ዴንሻ ዴ ጎ!» በ1996 በመጫወቻ ቤቶች ሲወጣ ኬይሂን-ቶሆኩ ከመስመሮቹ አንዱ ነበር። ዛሬ እኔ የምመክረው «ጄአር ኢስት ትሬን ሲሙሌተር»ን ነው፤ በ2022 ስቲም በሚባለው የጌም መሸጫ ወጣ። የሠራው ኦንጋኩካን ነው፤ መሥራቹ ሚኖሩ ሙካይያ የካሲዮፔያ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች የነበረ፣ ለብዙ ጣቢያዎችም የባቡር መነሻ ዜማ የደረሰ ሰው ነው። ምስሉ የተሳለ አይደለም፤ ከእውነተኛ ባቡር ፊት የተቀረጸ ቪዲዮ ነው፣ በእናንተ ፍጥነት ልክ ይሮጣል። በዚህ ምክንያት አየሩ የተቀረጸበት ቀን አየር ብቻ ነው፤ ዝናብ ልጨምር ብትሉ አይሆንም። እኔ ግን እውነተኛውን መንገድ ስለማይ ይህ አይጎድለኝም።

ለመጀመር ከኦሚያ እስከ ሚናሚ-ኡራዋ ያለውን ብቻ ያዙ። 8 ኪሎ ሜትር አይሞላም፣ ከኦሚያ በኋላ አምስት ጣቢያ ነው። የማቆሚያ ርቀቱን የሚነግራችሁን ቁጥር ከስክሪኑ ላይ አጥፉት፤ ዓይናችሁ መድረኩ ጫፍ ላይ፣ ጆሮአችሁ ሞተሩ ላይ ይሁን። ዮኖ ላይ መድረኩ ጫፍ ስትደርሱ ፍጥነታችሁ ስንት እንደነበረ በወረቀት ጻፉ፣ የት እንደቆማችሁም ጻፉ፤ ኪታ-ኡራዋ ላይም እንደዚያው። ውጤታችሁን እዚሁ ኮሜንት ላይ አስቀምጡልኝ፤ እያየሁ የፍሬን ደረጃውን አብረን እናስተካክላለን።