ተጨማሪ መረጃ፦ የአምባሰል አማች በለንደን ነሐስ

እቴጌ መነን ከሐይቅ ከተማ በስተሰሜን የምትገኘው የአምባሰል ገዥ፣ የጃንጥራር አስፋው ልጅ ናቸው። ባለቤታቸው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጣሊያን ወረራ ወደ እንግሊዝ በተሰደዱበት እ.ኤ.አ. በ1936፣ ጄኮብ ኤፕስታይን የንጉሠ ነገሥቱን ምስል በነሐስ ሠራ። ኤፕስታይን ኒው ዮርክ ይወለድ እንጂ ዘመናዊውን የእንግሊዝ ቅርፃ ቅርፅ ካስጀመሩት አንዱ ነው። የነሐስ ፊቶቹን ቀረብ ብሎ ያየ፣ ጭቃውን ሲጠፈጥፍ የተወውን የጣቱን ዱካ ያገኛል፤ አላለሰለሰውም። እርሱና ጓደኞቹ ድንጋይንም ያለ ጭቃ ናሙና በቀጥታ ይፈለፍሉ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ከአለት ለተፈለፈለበት ለላሊበላ አገር ሰው ይህ እንደ አዲስ ግኝት መቆጠሩ ፈገግ ያሰኛል! ሂልዳ ሰሊግማን የሠራችው ሌላው የንጉሠ ነገሥቱ ምስል በለንደን፣ በዊምብልደን መናፈሻ ቆሞ ነበር፤ ሰኔ 2012 ዓ.ም. ተሰባበረ።