እግሩ ትልቅ የሆነ ረጅም ሰው ምን ዓይነት ስኖውቦርድ ይግዛ?

ከራሴ ልጀምር። ቁመቴ 1 ሜትር ከ93 ነው፤ ጫማዬ ደግሞ 47 ቁጥር። ኮሎራዶ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ስኖውቦርድ ለመከራየት አንድ ሱቅ ስገባ፣ ባንኮኒው ጋ የቆመው ልጅ ከላይ እስከ ታች አየኝና ከግድግዳው ላይ ረጅሙን ቦርድ አውርዶ አጠገቤ አቆመው። ጫፉ አገጬ ጋ ደረሰ። ልክህ ነው አለኝ፣ በቃ። የእግሬን ቁጥር የጠየቀኝ ቡቱን ሊሰጠኝ ሲል ብቻ ነበር።

በሁለተኛው ቀን ትንሽ ድፍረት መጣልኝ። በጣቶቼ በኩል ወዳለው ጠርዝ አጋድዬ ልታጠፍ ስል ቦርዱ ከሥሬ ድንገት ሸሸ። እጄን ዘርግቼ ወደቅኩ፤ የቀኝ እጄ አንጓ ተሰብሮ 6 ሳምንት በጀሶ ታሰረ። ጀማሪ ስለሆንኩ ነው ብዬ ራሴን ወቀስኩ። አብሮኝ የነበረው ጓደኛዬ ግን የወደቅኩበትን ቦታ አይቶ ነበር። በረዶው ላይ ሁለት መስመር አለ፤ አንዱ ስለት እንደሳበው ቀጭን፣ ከጎኑ ያለው ደግሞ ሰፊና የተፋቀ። ቀጭኑን የሳበው የቦርዱ ጠርዝ ነው። ሰፊውን የሳበው የቡቴ ጣት!

ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ሁለተኛ መስመር ነው።

ስኖውቦርድ በቅርብ አይታችሁ ለማታውቁ፦ ርዝመቱ 1 ሜትር ተኩል ገደማ የሆነ ሰሌዳ ነው፤ ዙሪያው በቀጭን የብረት ጠርዝ ተለብጧል። ሁለቱም እግሮች በማሰሪያ ይታሰሩበታል፣ ግን እንደ ስኪ ወደፊት ሳይሆን ወደ ጎን። ልዩነቱ ቀላል እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2006 ቱሪን ላይ ኢትዮጵያን በክረምት ኦሎምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ የወከለው ሮቤል ተክለማርያም የተወዳደረው በአገር አቋራጭ ስኪ ነው። ስኪ ላይ እግር በስኪው ርዝመት ስለሚቆም፣ ሮቤል 50 ቁጥር ጫማ ቢያደርግ እንኳ ስኪው ግድ አይሰጠውም ነበር። ስኖውቦርድ ላይ ግን እግር የሚቆመው በቦርዱ ስፋት አቅጣጫ ነው። እግሩ ከስፋቱ ከረዘመ፣ ጣትና ተረከዝ ከሁለቱም ጎን ወጥተው አየር ላይ ይቀራሉ። እኔ ይህን «የጫማ ትርፍ» እለዋለሁ።

እስቲ አሁኑኑ አንድ ነገር ሞክሩ፤ በረዶ አያስፈልግም። ውፍረቱ 3 ሴንቲ ሜትር የሆነ መጽሐፍ ጠረጴዛ ላይ አስተኙ። ማስመሪያ ከላዩ አድርጉና ጫፉን ከመጽሐፉ ጠርዝ 3 ሴንቲ ሜትር አሳልፉት። አሁን ሁለቱንም አንድ ላይ ይዛችሁ መጽሐፉን ወደዚያው ጠርዝ አጋድሉት። 45 ዲግሪ ላይ ስትደርሱ ማስመሪያው ጠረጴዛውን ይነካል። ከዚያ በላይ ልግፋ ካላችሁ የመጽሐፉ ጠርዝ ከጠረጴዛው ይነሳል። የኔ አወዳደቅ እንግዲህ ይኸው ነው፤ መጽሐፉ ቦርዱ፣ ማስመሪያው ቡቴ። ቦርዱን ይዞት የነበረው ጠርዝ ሲነሳ የሚይዘው ነገር የለም። ማስመሪያውን ወደ 1.5 ሴንቲ ሜትር መልሱትና ድገሙት፤ አሁን እስከ 63 ዲግሪ ድረስ ትሄዳላችሁ።

3 ሴንቲ ሜትር ያልኩት በዘፈቀደ አይደለም። የቦርዱ ውፍረትና የማሰሪያው ወለል ሲደመሩ የቡቱ ሶል ከበረዶው ከፍ የሚለው በግምት ይህን ያህል ነው።

ታዲያ ሰው ቦርዱን ይህን ያህል ያጋድላል ወይ? ያጋድላል፣ ያውም ሳያስበው። የቦርዱ ጎን ቀጥ ያለ አይደለም፤ እንደ ሰው ወገብ መሃሉ ላይ ገባ ይላል። ያ የጎን ቅስት የትልቅ ክብ ቁራጭ ነው፣ በብዙ ቦርዶች ላይ የክቡ ሬዲየስ 8 ሜትር አካባቢ ይሆናል። ቦርዱ ሲጋደል ይለመጥና በረዶው ላይ ከዚያም የጠበበ ክብ ይስላል። ቁልቁለቱን ለጊዜው ረስተን ሜዳ ላይ ነን ካልን፣ ሒሳቡ የሚያስገርም ያህል አጭር ነው፦ ፍጥነታችሁን በራሱ አባዙት፣ ለ9.8 አካፍሉት፣ እንደገና ለ8 አካፍሉት። የምታገኙት የማጋደያው አንግል ሳይን ነው። በሰከንድ 6 ሜትር፣ ማለትም በሰዓት 22 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ 27 ዲግሪ ይሰጣል። በሰከንድ 7 ሜትር 39 ዲግሪ። በሰከንድ 8 ሜትር 55 ዲግሪ! ከ9 ሜትር ጀምሮ ደግሞ ሳይኑ ከ1 ይበልጣል፤ እንዲህ ያለ አንግል ስለሌለ ቦርዱ ቅስቱን ለቆ ይንሸራተታል። ለዚህ ነው የውድድር ቦርዶች የጎን ቅስታቸው እጅግ የሰፋው።

ቁጥሮቹን ስታዩ አንድ ነገር ልብ በሉ። ፍጥነቱ በሰዓት 7 ኪሎ ሜትር ብቻ ሲጨምር አንግሉ እጥፍ ሆኗል። ትናንት ምንም ያልሆነ ጀማሪ ዛሬ ትንሽ ሲፈጥን የሚወድቀው በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል።

በረዶ ደግሞ ጠረጴዛ አይደለም። ለስለስ ያለ ከሆነ ጠርዙ ወደ ውስጥ ይሰምጣል፣ ያኔ ቡቱ ቀድሞ ይነካል። ጠርዙ 1 ሴንቲ ሜትር ብቻ ቢሰምጥ፣ በ3 ሴንቲ ሜትር ትርፍ የነበራችሁ 45 ዲግሪ ወደ 31 ይወርዳል። በ1.5 ሴንቲ ሜትር ትርፍ የነበረው 63 ደግሞ ወደ 46። ወደ ላይ ተመልሳችሁ ብታዩት፣ 31 ዲግሪ በሰዓት 23 ኪሎ ሜትር ላይ የሚመጣ አንግል ነው። ብስክሌት የነዳ ሁሉ የሚያውቀው ፍጥነት።

አሁን ወደ ሱቁ እንመለስ። እግሬ 30.5 ሴንቲ ሜትር ነው። ቡት ግን ወፍራም ነገር ስለሆነ የኔ በውጭ ሲለካ 33.5 ነበር። የተከራየሁት ቦርድ ወገቡ 25.2 ሴንቲ ሜትር ነው። እግር የሚታሰረው ግን ከወገቡ ወደ ጫፎቹ ራቅ ብሎ በመሆኑ፣ እዚያ ላይ ስፋቱ በ1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይጨምራል፤ 26.2 እንበል። እግሮቼ 15 ዲግሪ ዞረው ስለታሰሩ ቡቴ በስፋቱ አቅጣጫ የሚይዘው 32.4 ነው። ልዩነቱን ለሁለት ስታካፍሉት በእያንዳንዱ ጎን 3.1 ሴንቲ ሜትር ትርፍ። እንግዲህ ውድቀቴ ከጠዋቱ ባንኮኒው ላይ ተወስኖ ነበር ማለት ነው።

መላው ምንድን ነው? ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚነካው አንግሉን ነው፤ እግርን አዙሮ ማሰር። እውነት ነው እግር ሲዞር ትርፉ ይቀንሳል፣ የሚቀንሰው ግን በኮሳይን ነው፤ ኮሳይን ደግሞ ሲጀምር ሰነፍ ነው። ከ0 ወደ 15 ዲግሪ ስትዞሩ የኔ ቡት የሚያጥረው 1.1 ሴንቲ ሜትር ብቻ። ከ15 ወደ 30 ስትዞሩ ግን 3.3 ሴንቲ ሜትር ታተርፋላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2018 ፒዮንግቻንግ ላይ በስኪም በስኖውቦርድም ወርቅ ያገኘችው ቼካዊቷ ኤስተር ሌዴትስካ የምትወዳደርበት ዓይነት ቦርድ ወገቡ 20 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው፤ እንዲህ የጠበበው የዚህ ውድድር ተወዳዳሪዎች ሁለቱንም እግር ወደፊት ወደ 60 ዲግሪ ስለሚያዞሩት ነው። የ60 ዲግሪ ኮሳይን ግማሽ ነው፤ 32 ሴንቲ ሜትር ቡት 16 ይሆናል። እኛ ተራ ሰዎች ግን አንዱን እግር ወደፊት አንዱን ወደኋላ አዙረን ነው የምንቆመው፤ በዚያ አቋቋም ሁለቱንም 30 ዲግሪ ማዞር ጉልበት ያስጨንቃል። ስለዚህ አንግል ይረዳል፣ ብቻውን ግን አያድንም።

እኔ ቅደም ተከተሉን ብትጠይቁኝ ቡት፣ ቀጥሎ ስፋት፣ ከዚያ ርዝመት እላችኋለሁ። ሰው የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው፤ መጀመሪያ ሥዕሉ ያማረ ቦርድ ይገዛል።

ቡት መጀመሪያ፣ ምክንያቱም ለአንድ ዓይነት እግር የተሠሩ ሁለት ቡቶች በውጭ ሲለኩ ከ1 ሴንቲ ሜትር በላይ ሊለያዩ ይችላሉ። ሶላቸው አጠር ተደርጎ፣ ጣታቸው ከታች ወደ ላይ ተቆርጦ የሚሠሩ አሉ፤ ትልቅ እግር ላለው ሰው እነሱ ወርቅ ናቸው። እግራችሁን በሴንቲ ሜትር ለኩ፤ የስኖውቦርድ ቡት ላይ ከሚጻፉት ቁጥሮች አንዱ የእግር ርዝመት ራሱ ነው። 46 ወይም 47 የሚለው ቁጥር ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያል። «ስፋ ይበል» ብላችሁ አንድ ቁጥር ከጨመራችሁ ደግሞ በእጃችሁ ትርፉን ጨመራችሁት።

ከዚያ ስፋት። ለትልቅ እግር ተብለው ሰፋ ተደርገው የሚሠሩ ቦርዶች አሉ፣ ወገባቸው ከ26 ሴንቲ ሜትር ይጀምርና 27ትንም ያልፋል። ወገቡ 26.8 የሆነ ቦርድና በውጭ 32.5 የሆነ ቡት ብወስድ ኖሮ ትርፌ 1.8 ይሆን ነበር፤ ለስላሳው በረዶ ላይ 42 ዲግሪ። ከ31 ወደ 42!

እንግዲያው ለምን ትርፉን ጭራሽ ዜሮ አናደርገውም? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ቦርዱ ወደ ጠርዙ እንዲጋደል ክብደታችሁ ጠርዙ ላይ መድረስ አለበት። በር ስትገፉ አስቡት፤ ከማጠፊያው በራቃችሁ ቁጥር ይቀላል። ጣታችሁ ከጠርዙ በትንሹ ካለፈ፣ ጫን ስትሉት ቦርዱ ወዲያው ይታዘዛል። እግራችሁ ከጠርዙ ወደ ውስጥ ከቀረ ግን ጫን ብትሉም ክብደቱ ሰሌዳው መሃል ይቀራል፣ ቦርዱም በረዶው ላይ ተኝቶ ይቀራል። ከአንዱ ጠርዝ ወደ ሌላው መሸጋገር ያዘግማል፣ ባት ያደክማል። ስለዚህ በእያንዳንዱ ጎን ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ትርፍ ቢኖር ጥሩ ነው። 41 ቁጥር የሚያደርግ ጓደኛችሁ የናንተን ሰፊ ቦርድ ተውሶ «ይሄ በር ነው እንዴ!» ቢላችሁ አትቀየሙት።

ርዝመትን መጨረሻ ያደረግኩት ሆን ብዬ ነው። አገጭ ጋ ማቆም የሚባለው ልማድ ቦርዱ ቁመታችሁን የሚያውቅ ያስመስለዋል። ቦርዱ የሚያውቀው ክብደታችሁን ነው። ቦርድ ስፕሪንግ ነው፤ ሲታጠፍ ይለመጣል፣ ረጃጅሞቹ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ጠንከር ተደርገው የሚሠሩት ለከባድ ሰው ነው። እንደኔ ረጅም ሆኖ 74 ኪሎ የሚመዝን ቀጭን ሰው አገጩ ጋ የሚደርሰውን ቦርድ ሊያጎብጠው አይችልም። 1 ሜትር ከ75 ሆኖ 95 ኪሎ የሚመዝነው ደግሞ በ«ልኩ» ቦርድ ለስላሳ በረዶ ውስጥ ይሰምጣል። በየቦርዱ ላይ ፋብሪካው ያወጣው የክብደት ሠንጠረዥ አለ፤ እሱን እዩ።

የመስመጡ ነገር የራሱ ጣጣ አለው። አንድን ሰው በሁሉም አቅጣጫ 10 በመቶ ብናሳድገው ክብደቱ በ33 በመቶ ያድጋል። ቦርዱን በርዝመትም በስፋትም 10 በመቶ ብናሳድገው ግን ቦታው የሚጨምረው በ21 በመቶ ነው። ማለትም ተመጣጣኝ የሚመስል ቦርድ ላይ የቆመ ግዙፍ ሰው አሁንም በረዶውን የበለጠ ይጫናል። ደግነቱ እግራችሁ ያስገዛችሁ ሰፊ ቦርድ ተጨማሪ ቦታ ስላለው፣ ርዝመቱን ትንሽ መቀነስ ትችላላችሁ። አጠርና ሰፋ ያሉ ቦርዶችን የሚወዱ ሰዎች የሚጠቀሙበት ይህንኑ ነው።

ረጅም መሆን በቀጥታ የሚገባው በሁለቱ እግሮች መካከል ባለው ርቀት ነው። ረጅም ሰው እግሩን ቀረብ አድርጎ ከቆመ ጉልበቱን ማጠፍ ያቅተዋል፣ ከፍ ያለ ክብደቱም ያወዛውዘዋል። በጣም አጭር ቦርድ ደግሞ የማሰሪያ ቀዳዳዎቹ በሚፈለገው ርቀት ላይ ላይኖሩት ይችላሉ። ከመክፈላችሁ በፊት በትከሻችሁ ስፋት ወይም ከዚያ ትንሽ ሰፋ አድርጋችሁ መቆም መቻላችሁን አረጋግጡ።

ሱቅ ስትሄዱ ቡታችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ማሰሪያው ተገጥሞ፣ ቡቱ ታስሮ፣ ቦርዱ ወለሉ ላይ ይቀመጥ። ከዚያ እንደ መጽሐፉ ወደ ጣት በኩል አጋድሉት፣ ቀጥሎ ወደ ተረከዝ። ቡቱ ወለሉን ሲነካ አቁሙና አንግሉን በስልካችሁ ለኩት። ጣት በኩል 40፣ ተረከዝ በኩል 60 ከወጣ ማሰሪያው መሃል ላይ አልተቀመጠም፤ ባለሱቁ ፈትቶ ወደ ተረከዝ በኩል ትንሽ ሊገፋው ይችላል። ሁለቱም 40 ከሆኑ ቦርዱን ወደ ግድግዳው መልሱት። እኔ በሚቀጥለው ዓመት ስመለስ እንዲያ አደረግኩ። ልጁ ምን እየሠራሁ እንደሆነ ግራ ገብቶት ያየኝ ነበር፤ አራተኛው ቦርድ ላይ ግን ራሱ ተንበርክኮ ስልኩን አወጣ።