የቀይ ባሕሩ ባለ አራት መስመር ዓሣና የጉና ውኃ

ላብሪዴ በሚባለውና ከ500 በላይ ዝርያዎችን በሚያቅፈው የባሕር ዓሣዎች ቤተሰብ ውስጥ፣ በቀይ ባሕርና በኤደን ባሕረ ሰላጤ ብቻ የሚኖረው ባለ አራት መስመሩ ላብሪድ በመልኩ ከሚፈለጉት፣ በአያያዙ ግን እጅግ ከሚያስቸግሩት ወገን ይመደባል። ርዝመቱ ከ12 ሴንቲ ሜትር የማይበልጠው ይህ ዓሣ በጠቆረ ሰማያዊ ገላው ላይ ደማቅ መስመሮች የተሰመሩበት በመሆኑ የኮራል አኳሪየም ባለቤቶችን ዓይን ይስባል። የኮራል አኳሪየም ሲባል ዓሣውን ብቻ ሳይሆን ኮራሉንም ጭምር፣ ማለትም እልፍ አእላፍ ጥቃቅንና ለስላሳ እንስሳት ተጣብቀው ከካልሲየም ካርቦኔት የሚገነቡትን ሕያው ድንጋይ፣ ከነባሕር ውኃው በመስታወት ገንዳ ውስጥ ማኖር ነው። ከጨው ውኃ በብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ለሚርቁት፣ በጉና ተራራ ዙሪያ ላሉት ለጋይንት፣ ለስማዳና ለእስቴ ነዋሪዎች ነገሩ ሩቅ ቢመስልም፣ የዓሣውን ጠባይ ከአገሩ ከፍታ ጋር አገናኝቶ ማየት ውኃ በውስጡ ለሚኖረው ፍጥረት ምን እንደሆነ ለመረዳት ጥሩ መንገድ ይከፍታል።

ባሕሩንና ደጋውን ያገናኘ አንድ ሰውም አለ። ጀርመናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ኤድዋርድ ሩፐል በ1830ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ምጽዋ ላይ የቀይ ባሕርን ዓሣዎች ሲሰበስብ ቆይቶ ወደ ደጋው ወጣ፤ ጎንደርም ተቀምጦ የጣናን ዓሣዎች መረመረ። ባለ አራት መስመሩ ላብሪድ ሳይንሳዊ መጠሪያውን ያገኘው በእርሱ እጅ በ1835 (እ.ኤ.አ.) ሲሆን፣ ላቢዮባርበስ ኢንተርሚዲየስ የተባለው የጣና ዓሣም፣ በደምቢያ ስም የተጠራው ጋራ ደምቤንሲስ የተባለው ትንሽ የወንዝ ዓሣም በዚያው ዓመት በዚያው ሰው ተሰየሙ። የባሕሩና የደጋው ዓሣዎች በቅርብ ዝምድና የሚገናኙ አይደሉም፤ ይሁን እንጂ አንድ የሚያመሳስላቸው ነገር አለ፤ ሁለቱም ወገኖች ከአፋቸው በስተኋላ በጉሮሯቸው ውስጥ ሁለተኛ መንጋጋ አላቸው። በላብሪዶች ዘንድ የታችኛው የጉሮሮ መንጋጋ ሁለት ጎኖች አንድ አጥንት ሆነው በመጋጠማቸው ከፊት የተነከሰውን ከኋላ በብርቱ መፍጨት ይቻላል። ላቢዮባርበስ ደግሞ በአፉ ውስጥ አንድም ጥርስ ስለሌለው ያገኘውን ሁሉ የሚያደቅቀው በጉሮሮው ጥርስ ብቻ ነው። የፊተኛው አፍ ከመፍጨት ሥራ ነፃ ሲወጣ ለመምጠጥ፣ ለመላጥ ወይም ለመልቀም እንደየዝርያው ለመለዋወጥ የሚያስችል ሰፊ ዕድል ያገኛል፤ ላብሪዶች ይህን ያህል የተለያየ ምግብ የሚበሉ ሆነው መገኘታቸውም በአብዛኛው ከዚህ የመጣ ነው።

የባለ አራት መስመሩ ዓሣ ስስነትም የሚመነጨው ከደካማ ሰውነት ሳይሆን ከዚሁ ከምግቡ ጠባብነት ነው። ጫጩት ሳለ የሌሎችን ዓሣዎች ቆዳ እየዞረ ጥገኛ ተሕዋስያንን ይለቅማል፤ ሲያድግ ግን ይህን ሥራ ትቶ የኮራልን ሥጋ፣ ይኸውም ፖሊፕ የሚባሉትን ለስላሳ እንስሳት፣ መብላት ይጀምራል። እንግዲህ በትንሽ ገንዳ ውስጥ ያለው ጫጩት የሚጠርገው በቂ ደንበኛ ባለማግኘቱ ይራባል፤ ያደገው ደግሞ ወይ ባለቤቱ በብዙ ወጪ ያበቀለውን ኮራል ይጨርሳል፣ ወይ ኮራል በሌለበት ገንዳ ውስጥ የሚሰጠውን በረዶ የሆነ ምግብ እየናቀ ይከሳል። ስለዚህ የኮራል አኳሪየም ለዚህ ዓሣ ተስማሚ የሚሆነው ኮራሉ እንዲበላ ከተፈቀደ ብቻ ነው፤ ይህን የሚፈቅድ ባለቤት ደግሞ እምብዛም አይገኝም። በ2007 (እ.ኤ.አ.) የወጣ የዘረ መል ጥናት የዚህ ዝርያ ጫጩቶች በባሕሩ ውስጥ ብዙ ርቀት እንደማይሰራጩ አመልክቷል፤ ይህም በአንድ ሥፍራ ያለው መንጋ ለንግድ ተጠምዶ ቢያልቅ ከሩቅ የሚመጣ ተተኪ በቶሎ አያገኝም ማለት ነው። ስለዚህ ይህን ዓሣ በባሕሩ መተው የሚሻል ይመስላል።

በምትኩ ላብሪድ ማኖር የሚፈልግ ሰው ሌላ የቀይ ባሕር ተወላጅ አያጣም። ፓራኪሊነስ ኦክቶቴኒያ የተባለው ባለ ስምንት መስመር ዓሣ በውኃ ውስጥ የሚንሳፈፉትን ፕላንክተን የሚባሉ ደቂቅ እንስሳት እየለቀመ ስለሚኖር ኮራሉን አይነካም። አውራው እንስቶቹን ሲያሽኮረምም ክንፎቹን ዘርግቶ ቀለሙን በቅጽበት ያደምቃል። ይሁን እንጂ እርሱም ስስ ነው፤ ሆዱ ትንሽ፣ እንቅስቃሴው ግን የማያቋርጥ በመሆኑ በቀን አንዴ ጠግቦ ማደርን አያውቅምና ጥቂት በጥቂቱ ደጋግሞ መመገብ አለበት። ሲደነግጥ ከውኃው ላይ የሚዘል ስለሆነም ክዳን በሌለው ገንዳ ውስጥ ዕድሜው አጭር ነው፤ በቤት ውስጥ ከሚያልቁት ላብሪዶች ብዙዎቹ የሚገኙት ወለል ላይ ደርቀው ነው።

ወደ ውኃው ስንመለስ፣ የባሕር ዓሣ ደም ጨዋማነት ከባሕሩ አንድ ሦስተኛ ያህል ብቻ በመሆኑ ሰውነቱ ሳያቋርጥ ውኃ ወደ ውጭ ይነጠቃል፤ ይህን ለመተካት የባሕር ውኃ እየጠጣ ትርፉን ጨው በስንጥቡ በኩል ያስወጣል። ከጉና ወደ ጣና የሚወርደው የጉማራ ወንዝ ዓሣ ግን በተቃራኒው ውኃ ሳይፈልገው በስንጥቡ ስለሚገባበት ቀጭን ሽንት በብዛት እየሸና ጨውን በስስት ይይዛል። በመሆኑም ለአንዱ ሕይወት የሆነው ውኃ ለሌላው ሞት ነው። ባሕርን በገንዳ ለመሥራት በአንድ ሊትር 35 ግራም ገደማ ጨው ያስፈልጋል፤ ይህም ለ200 ሊትር ገንዳ 7 ኪሎ ግራም መሆኑ ነው። ሆኖም ከአፋር ወደ ደጋው ገበያ ሲጓዝ የኖረው አሞሌ ለዚህ አይበቃም፤ እርሱ በአብዛኛው ሶዲየም ክሎራይድ ሲሆን፣ ኮራል አጽሙን የሚገነባበት ካልሲየም (በባሕር ውኃ በአንድ ሊትር 400 ሚሊ ግራም ያህል) እና ማግኒዥየም (1,300 ሚሊ ግራም ያህል) ለብቻቸው ተመጥነው መግባት አለባቸው። በተጨማሪም ዓሣው የሚያስወጣውን መርዛማ አሞኒያ መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎ ወደ ናይትሬት የሚለውጡ ባክቴሪያዎች በድንጋዩና በአሸዋው ላይ እስኪበዙ ድረስ ገንዳው ያለ ዓሣ ሳምንታት መቆየት ይኖርበታል። የውኃ ፒኤች በአንድ ባደገ ቁጥር የአሞኒያው መርዛማ ክፍል አሥር እጥፍ ገደማ ስለሚጨምር፣ ፒኤቹ ከ8 በላይ በሆነው የባሕር ውኃ ውስጥ መቸኮል ከንፁሕ ውኃ ገንዳ ይልቅ ያስቀጣል።

አሁን ይህ ገንዳ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ባለችው በንፋስ መውጫ ከተማ ተተከለ እንበል። እዚያ የአየር ግፊቱ ከባሕር ዳርቻው 70 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ ውኃ በ90 ዲግሪ አካባቢ የሚፈላውና ባቄላው ቶሎ አልበስል የሚለው በዚሁ ምክንያት ነው። በውኃ ውስጥ የሚሟሟው የኦክሲጅን መጠን ደግሞ በሦስት ነገሮች ይወሰናል፤ ግፊቱ ሲቀንስ ይቀንሳል፣ ሙቀቱ ሲጨምር ይቀንሳል፣ ጨው ሲበዛም ይቀንሳል። በምጽዋ ዳርቻ በ25 ዲግሪ ሙቀት ያለ ባሕር ውኃ በአንድ ሊትር ከ6.5 ሚሊ ግራም በላይ ኦክሲጅን ሊይዝ ሲችል፣ ያው ውኃ በንፋስ መውጫ የሚይዘው ቢበዛ 4.6 ገደማ ነው። ከዚያው ከፍታ ላይ የሚወርድ 12 ዲግሪ የቀዘቀዘ የጉና ምንጭ ግን ጨው የለሽ በመሆኑ ከ7 ሚሊ ግራም በላይ መያዝ ይችላል። አየሩ አንድ ሆኖ ሳለ ሞቃቱና ጨዋማው ውኃ ይደኸያል፣ ቀዝቃዛው ምንጭ ይበለጽጋል።

ከዚህ የሚከተለው ተግባራዊ ነገር ብዙ ነው። ውኃውን በፓምፕ ማናወጥና በደቃቅ የአየር አረፋ ቆሻሻን የሚለይ ፕሮቲን ስኪመር የተባለ መሣሪያ መትከል ኦክሲጅኑን ወደ ጣሪያው ያደርሰዋል እንጂ ጣሪያውን ከፍ አያደርገውም፤ ስለሆነም በደጋው ገንዳ ውስጥ ሊኖሩ የሚገባቸው ዓሣዎች ቁጥር በቆላ ወይም በባሕር ዳር ከሚፈቀደው ያነሰ ነው። በቀን ኦክሲጅን ሲያመርቱ የዋሉት አልጌዎች ሌሊት ከዓሣው ጋር ይሻሙበታል፤ በመሆኑም ክፉው ሰዓት ሊነጋጋ ሲል ነው። መብራት ቢጠፋ የብዙ ሰው ስጋት የደጋው ብርድ ቢሆንም፣ ውኃው ከመቀዝቀዙ በፊት ኦክሲጅኑ ሊያልቅ ይችላልና ከማሞቂያው ይልቅ በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ይቀድማል። በተዘጋ ክፍል ከሰል ሲነድ ደግሞ በአየሩ ውስጥ የሚከማቸው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በውኃው ሟሙቶ ፒኤቹን ያወርዳል፤ ለሰውም የሚያሰጋውን ይህን ልማድ ኮራሉም አይወደውም። በበጋ ደረቅ አየርና በቀነሰ ግፊት ትነቱ ስለሚፈጥን ከ200 ሊትር ገንዳ በየቀኑ 2 ሊትር ቢተን፣ ጨው ስለማይተን፣ በ10 ቀን ውስጥ ጨዋማነቱ ከ35 ወደ 39 ግራም ይጠጋል። ይህ መጠን ለቀይ ባሕር ተወላጅ እንግዳ ባይሆንም ከሌላ ባሕር ለመጣው ኮራል ከባድ ነው፤ ስለዚህ የጎደለው በየቀኑ በንፁሕ ውኃ እንጂ በጨው ውኃ አይሞላም። የሚጨመረው ውኃም ቢሆን ማጣሪያ ይፈልጋል፤ ጉና እሳተ ገሞራ የወለደው ተራራ በመሆኑ ከድንጋዩ የሚወጣው ውኃ ይዞት የሚመጣው ሲሊካ ገንዳውን ቡናማ የአልጌ ልባስ ያለብሰዋል።

ስስ ዓሣ ለማየት ግን እስከ ቀይ ባሕር መሄድ አያሻም። ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከጉና ወደ ምዕራብ የሚወርደው ውኃ በርብና በጉማራ በኩል ጣና ሲገባ፣ ወደ ምሥራቅና ወደ ደቡብ የሚወርደው የጋይንትንና የስማዳን ገደላገደል አልፎ ከበሽሎና ከዓባይ ይቀላቀላል። ውኃዎቹ በመጨረሻ በዓባይ ቢገናኙም የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታች የሚመጡትን ዓሣዎች ስለሚያግድ፣ በጣና ውስጥ ከ15 የማያንሱ የላቢዮባርበስ ዝርያዎች በየፊናቸው አፍና ጠባይ እያበጁ ተለያይተው ኖረዋል። ከእነርሱ በርካቶቹ በክረምት፣ ከሐምሌ ጀምሮ፣ ከሐይቁ ወጥተው በጉማራና በገባሮቹ ሽቅብ ይጓዙና ንጹሕና ፈጣን ውኃ በሚያጥበው ጠጠር ላይ እንቁላላቸውን ይጥላሉ። እንቁላሉ በጠጠሩ መካከል ሆኖ ኦክሲጅን የሚያገኘው በሚያልፈው ውኃ ብቻ በመሆኑ፣ ከእስቴና ከፋርጣ ማሳ የሚታጠብ አፈር ጠጠሩን ከደፈነው ሳይፈለፈል ይታፈናል። ለመውለድ የሚሰባሰቡበት ወቅትና ቦታ የታወቀ ስለሆነም በወንዙ አፍ ላይ የተዘረጋ መረብ ያለ ብዙ ድካም ይሞላል። በኮራል ገንዳ ውስጥ የተዘጋ ማጣሪያ ሊያደርስ የሚችለውን ጉዳት እዚህ በቁልቁለት ላይ ያለ እርከን የለሽ ማሳ ያደርሰዋል።

ላቢዮባርበስ በሰውነቱ ትልቅ፣ በልማዱም ተጓዥ ስለሆነ ለቤት ገንዳ አይሆንም። በእስቴ ወይና ደጋ በትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ ገንዳ ማቋቋም ለሚያስብ መምህር የተሻለው ጋራ ነው፤ ይህ ዓሣ ከአፉ በታች ባለው ተለጣፊ አካል በወራጅ ውኃ ውስጥ ድንጋይ ይዞ አልጌ እየላጠ ስለሚኖር ጨውም ሆነ ማሞቂያ ሳይጠይቅ፣ ክሎሪን የሌለው ንጹሕ ውኃ፣ ብርቱ ፓምፕ፣ ክዳንና ከወንዝ የተለቀመ ለስላሳ ድንጋይ ይበቁታል፤ ድንጋዮቹን በሁለት ተራ ከፍሎ አንዱን ተራ አልጌ እንዲያበቅል ፀሐይ ላይ በውኃ ማቆየትና በየሳምንቱ ማፈራረቅ ደግሞ የመኖውን ጉዳይ ያቃልላል።