በነቀምቴ ዙሪያ የወንዝ ዳር የእግር ጉዞ፦ ከመነሳታችሁ በፊት
ነቀምቴ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ የዴዴሳ ወንዝ ሸለቆ ግን ቆላ ነው። ልብስና ውሃ ስትይዙ የቆላውን ሙቀት አስቡ።

⏱ ሰዓት፦ በደን መንገድ በሰዓት 3 ኪሎ ሜትር፣ ለእያንዳንዱ 300 ሜትር የከፍታ ጭማሪ ግማሽ ሰዓት ጨምሩ። የ10 ኪሎ ሜትር ዙር ከምሳ ጋር 5 ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ጠዋት 1 ሰዓት ጀምሩ።

🌧 ወቅት፦ ከኅዳር እስከ የካቲት ይመረጣል። ወንዝ ሞልቶ ካገኛችሁ አትሻገሩ፤ በመጣችሁበት ተመለሱ።

🦟 ጥንቃቄ፦ ወባ አለ፤ የቆላ ዝንብም ሰማያዊና ጥቁር ልብስ ትከተላለች። ነጣ ያለ ባለ ረጅም እጅጌ ልብስ ልበሱ። ጉማሬ ስላለ ከውሃው ዳር ራቅ በሉ።

ከሁሉም በፊት ስለ አካባቢው ጸጥታ ቀበሌውን ጠይቁ፤ መንገዱን የሚያውቅ የአገሬው ሰው ሳትይዙ አትውጡ።