ለአንድ ቦታ ሁለት ካርታ ሲወጣ፦ የፍርድ ቤት እግድ ምን ያደርግልናል?



ጀመዓው ለዓመታት ሲሰግድበት በኖረ መስጂድ ግቢ ጫፍ ላይ አንድ ጠዋት ሰው መጥቶ በቆርቆሮ ማጠር ጀመረ እንበል። ሲጠየቅ ካርታ አውጥቶ ያሳያል። የመስጂዱ ኮሚቴም ካርታ አለው። ሁለቱም ማኅተም አላቸው። ይህ በውርስ ቤትና በግለሰብ ይዞታ ላይም የሚገጥም ችግር ነው። ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ምላሻችን ጩኸትና ግብግብ ይሆናል። ሕጉ ግን ለዚህ ሰዓት ጊዜያዊ የእግድ ትዕዛዝ የሚባል መንገድ አስቀምጧል።

እግድ ለምን አስፈለገ?

የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1195 ካርታ የተሰጠው ሰው ባለመብት እንደሆነ ይገመታል ይላል። ቁጥር 1196 ደግሞ ግምቱ ሊፈርስ እንደሚችል ይደነግጋል፤ ለምሳሌ ካርታው ከሕግ ውጭ ወይም ሥልጣን በሌለው አካል የተሰጠ መሆኑ ከተረጋገጠ። ስለዚህ ሁለት ካርታ ሲጋጭ ፍርድ ቤቱ የሁለቱንም አመጣጥ መመርመር አለበት። ማኅደር ይቀርባል፣ ቦታው ይለካል፣ ምስክር ይሰማል። ይህ ጊዜ ይፈጃል። በመሐል አንዱ ወገን ነባሩን ቤት ቢያፈርስ፣ አዲስ ቢገነባ ወይም ለሌላ ሰው ቢሸጥ ፍርዱ ወረቀት ላይ ብቻ ሊቀር ይችላል። በ1958 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 154 ለክርክር ምክንያት የሆነው ንብረት የመባከን፣ የመበላሸት ወይም ለሌላ የመተላለፍ አደጋ ካለበት ፍርድ ቤቱ እንዲያግድ የሚፈቅደው ለዚህ ነው።

እንዴት ይጠየቃል?

እግድ ብቻውን አይቆምም፤ በክስ ውስጥ የሚቀርብ አቤቱታ ነው። አቤቱታው በቃለ መሐላ ይደገፋል። «ቦታው የእኛ ነው» ማለት አይበቃም፤ አደጋው ዛሬ መኖሩን ማሳየት ያስፈልጋል። የቁፋሮው ፎቶ፣ የተራገፈው አሸዋና ድንጋይ፣ ለሽያጭ የወጣ ማስታወቂያ ካለ ይያያዝ። በመርሕ ደረጃ ሌላው ወገን ተጠርቶ ይሰማል፤ መዘግየቱ የእግዱን ዓላማ የሚያከሽፍ ከሆነ ግን ሳይጠራም ትዕዛዝ ሊሰጥ ይችላል። ትዕዛዙ ከወጣ በኋላ ለተከራካሪው ብቻ ሳይሆን ካርታውን ለሚያስተዳድረው የመሬት ጽሕፈት ቤትም እንዲደርስ መከታተል ይገባል። ጽሕፈት ቤቱ ካላወቀ ስም ማዛወር ሊቀጥል ይችላል። ከሳሹ የመስጂድ ኮሚቴ ከሆነ ደግሞ በማን ስም፣ በምን ውክልና እንደሚከስ አስቀድሞ ከጠበቃ ጋር ይጨርስ፤ በዚህ ጉድለት ምክንያት ክስ ውድቅ እንዳይሆን።

እግድ ምን አይደለም?

ብዙ ወገኖቻችን እዚህ ላይ ይሳሳታሉ። እግድ ወጣልን ብለው «ፈረደልን» የሚሉ አሉ፤ እግድ ወጣብን ብለው ተስፋ የሚቆርጡም አሉ። ሁለቱም ልክ አይደሉም። እግድ ቦታው የማን እንደሆነ አይወስንም፤ እስኪወሰን ድረስ ነገሩ ባለበት እንዲቆይ ብቻ ያደርጋል። እግዱ ያለአግባብ ወጣብኝ የሚል ወገን እንዲነሳለት ወይም እንዲሻሻልለት ለዚያው ፍርድ ቤት ማመልከት ይችላል። እስከዚያው ግን ማክበር ግዴታ ነው። «መሬቱ የኔ ስለሆነ አይመለከተኝም» ብሎ ግንባታ መቀጠል ያስጠይቃል፤ የያዝነውን እውነትም ያበላሻል። እግዱን ያስወጣው ወገንም ቢሆን ዋናውን ክስ ቸል ሊል አይገባም፤ ማስረጃውን በቀጠሮው ቀን ያቅርብ።

በመጨረሻም ለራሳችን የምንለው አለ። ካርታው ሐሰት መሆኑን እያወቀ ባለሐቁን ለማድከም ብቻ እግድ የሚያስወጣ ሰው ዳኛውን ሊያታልል ይችል ይሆናል። የስንዝር መሬት ሐቅ በአኺራ እንደሚያስጠይቅ ግን ሁላችንም እናውቃለን። ሐቅ ያለን ከሆነ ቆርቆሮ ነቅለን አንጣል፤ ካርታችንን፣ የግብር ደረሰኛችንንና ፎቷችንን ይዘን ሳንዘገይ ፍርድ ቤት እንሂድ።

አላህ ሐቅን ለባለሐቁ ያድርስልን።